ምዕራፍ ስድስት፦ ማንም የማይካፈለው ገንዘብ

መስከረም 3 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ እኛ አገር የሚሊኒየሙ በዓል ቄጤማ ገና ከቤት ሳይጠረግ፣ በእንግሊዝ ኖርዘርን ሮክ የተባለ ባንክ ቅርንጫፎች በራቸውን ከመክፈታቸው በፊት ደጃፋቸው በሰልፍ ተሞልቶ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ ቢቢሲ ባንኩ ከማዕከላዊ ባንኩ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር መጠየቁን ተናግሯል። ከተሰለፉት ብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን እዚያ ያኖሩ ጡረተኞች ነበሩ። ወረፋ ላለመጠበቅ በኢንተርኔት ለማውጣት የሞከሩትም አልሆነላቸውም፤ ድረ ገጹ ተጨናንቆ ቆሟል። በዚያች በአንድ ቀን ብቻ ወደ 1 ቢሊዮን ፓውንድ ወጣ። ሰኞ ዕለት የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስቴር ዳርሊንግ ለተቀማጩ ሁሉ መንግሥት ዋስ እንደሚሆን ሲያስታውቁ ነው ሰልፉ እየሳሳ የሄደው። ብሪታንያ እንዲህ ያለ የባንክ ሽሚያ ካየች ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሰልፍ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። ያላየው ከዚያ በፊት የነበረውን ሌላውን ሰልፍ ነው። ኖርዘርን ሮክ ለቤት ገዢዎች የሚያበድረው ገንዘብ በአብዛኛው በደጃፉ ከቆሙት ሰዎች የመጣ አልነበረም። ከትላልቅ ባንኮችና የገንዘብ ድርጅቶች በአጭር ጊዜ ውል ይበደራል፤ የሰጣቸውን የቤት ብድሮችም በጥቅል እየሸጠ አዲስ ገንዘብ ያገኛል። በ2007 አጋማሽ ላይ ከባንኩ ዕዳ ውስጥ የተራ ቆጣቢዎች ተቀማጭ ሩቡን እንኳ አይሞላም ነበር። ኦገስት 9 ቀን ቢኤንፒ ፓሪባ የተባለው የፈረንሳይ ባንክ ከአሜሪካ የቤት ብድር ጋር የተያያዙ ሦስት ፈንዶቹን ሲያግድ ያ ገበያ ባንዴ ደረቀ። አበዳሪዎቹ የብድር ውላቸው ባለቀ ቁጥር አናድስም አሉ። ግፊያ የለ፣ ፖሊስ የለ፣ ካሜራ የለ። ባንኩ አምስት ሳምንት ያህል ውስጥ ውስጡን ሲያልቅ ሰነበተ። በደጃፉ የተሰለፉት አዛውንት የመጨረሻዎቹ ነበሩ፤ እነሱ ሲደርሱ ትልልቆቹ ወጥተው ሄደዋል።

ይህን ታሪክ ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኩት ኖርዘርን ሮክ ከዚያ አሥር ዓመት በፊት ባንክ ስላልነበረ ነው። የአባላቱ ንብረት የሆነ ማኅበር ነበር። አባላት በባለቤትነት የያዟቸው የገንዘብ ተቋማት ክፉ ቀንን ይችላሉ ሲባል እንሰማለን፤ ለምን እንደሚችሉ ሲጠየቅ ግን መልሱ ብዙውን ጊዜ ስለ መተሳሰብ ከሚነገር መልካም ንግግር አያልፍም። መተሳሰብ ደግ ነገር ነው፤ ኪሳራን ግን አይሸፍንም። ብሪታንያ ሳታስበው የተሻለ መልስ የሚገኝበትን ፈተና አዘጋጀችልን። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ በአንድ ሕግ የሚተዳደሩ ማኅበራት ነበሯት። ከፊሎቹ ወደ አክሲዮን ኩባንያነት ተለወጡ፤ የቀሩት እንደነበሩ ቀጠሉ። ከዚያ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ መጣ።

ቢልዲንግ ሶሳይቲ የሚባሉት የእነዚህ ማኅበራት ታሪክ የሚጀምረው ከመጠጥ ቤት ነው። በ1775 በበርሚንግሃም ከተማ የጎልደን ክሮስ መጠጥ ቤት ባለቤት የነበረው ሪቻርድ ኬትሊ የመጀመሪያውን አቋቋመ። በርሚንግሃም ያን ጊዜ የብረት ሠራተኛና የእጅ ባለሙያ ከተማ ናት። ባለሙያው ደህና ገቢ አለው፤ ቤት መሥሪያ የሚያበድረው ግን የለም። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ማኅበራት አባላት በየወሩ ያዋጣሉ። ገንዘቡ ለአንድ ቤት ሲበቃ ተራው የደረሰው፣ ብዙ ጊዜም ዕጣ የወጣለት፣ ቤቱን ይሠራል፤ መዋጮውን ግን የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው ድረስ ይከፍላል። ሁሉም ቤት ሲያገኝ ማኅበሩ ይፈርሳል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ እቁብ ነው። ልዩነቱ መያዣው ላይ ነው። እቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ዋሱን ያስይዛል፤ የበርሚንግሃሙ ባለዕጣ ግን ቤቱን ተሸክሞ አይጠፋም።

የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ችግሩ ማለቁ ነው። ሰዎቹ የተማሩት፣ ያጠራቀሙት፣ እርስ በርስ የተማመኑት ሁሉ በመጨረሻው ዕጣ ይበተናል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ የመጡት ማኅበራት ይህን ለወጡት። ቆጣቢው ቤት ባይፈልግም ገንዘቡን ያስቀምጣል፣ ወለድ ያገኛል፤ ተበዳሪው ዕጣ ሳይጠብቅ ይበደራል፣ ወለድ ይከፍላል። ሁለቱም አባላት ናቸው። ሺህ ፓውንድ ያለውም አሥር ፓውንድ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ማኅበሩም የሚፈርስበት ቀን የለውም። የኖርዘርን ሮክ ሁለቱ ወላጆች እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። አንደኛው በ1850፣ ሌላኛው በ1865 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ተመሥርተው በ1965 ተዋሐዱ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ስሌት ላሳይ፤ የቀረው ነገር ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ማኅበሩ ለቆጣቢው በዓመት 4 በመቶ ይከፍላል፣ ተበዳሪውን 6 በመቶ ያስከፍላል እንበል። በመሃል 2 ይቀራል። ከዚህ ላይ አንድ ተኩሉ ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለማይመለስ ብድር ይወጣል። የቀረችው ግማሽ የማን ናት? ባንክ ቢሆን የባለአክሲዮኖቹ ናት፤ ዓመት ሲዘጋ የትርፍ ድርሻ ብለው ይካፈሏታል። በማኅበሩ ግን የሚካፈላት የለም፤ ወደ መጠባበቂያ ትገባለች። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ግማሽ ትጨመርባታለች፤ ከዚያም ሌላ። መቶ ዓመት ሲሞላ ማኅበሩ ወለድ የማይከፍልበት፣ ማንም መጥቶ መልሱልኝ የማይለው፣ ኪሳራ ሲመጣ ከቆጣቢው ገንዘብ በፊት የሚመታ ከፍ ያለ ሀብት ይኖረዋል።

ይህን ሀብት ያጠራቀሙት ሰዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የነበረው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪና መርከብ ሠሪ ማግኘት ከሚችለው ትንሽ አነስ ያለ ወለድ እየተቀበለ፣ ወይም መክፈል ከነበረበት ትንሽ ከፍ ያለ እየከፈለ የተወው ነው። ይህን ያደረገው ለማያውቃቸው የልጅ ልጆች አስቦ ላይሆን ይችላል፤ የማኅበሩ ደንብ ግን እንዲያስብላቸው አድርጎታል። ዛሬ በሕይወት ያሉት አባላት በዚህ ገንዘብ ጥላ ሥር ይቆጥባሉ፣ ይበደራሉ። ባለቤቶቹ ናቸው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም፤ ባለአደራዎች ናቸው።

የ1986ቱ ሕግ ማኅበራቱ በአባላት ድምፅ ወደ አክሲዮን ኩባንያነት እንዲለወጡ ፈቀደ። በ1989 አቢ ናሽናል የመጀመሪያው ሆነ። አባላት እሺ እንዲሉ የሚቀርብላቸው ነጻ አክሲዮን ነው፤ ያ አክሲዮን ደግሞ ለመቶ ዓመት የተጠራቀመው መጠባበቂያ ተሸንሽኖ ነው። ወሬው ሲሰማ ሰዉ ከከተማ ከተማ እየዞረ በየማኅበሩ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ እያስገባ አባል መሆን ያዘ፤ የሚቀጥለው ማኅበር መቼ እንደሚለወጥ እየጠበቀ። በ1997 ብቻ በዓለም ትልቁ የነበረው ሃሊፋክስ፣ አልያንስ ኤንድ ሌስተር፣ ዉልዊች፣ ብሪስቶል ኤንድ ዌስት እና ኖርዘርን ሮክ ተለወጡ። ኖርዘርን ሮክ ለእያንዳንዱ መብት ላለው አባል 500 አክሲዮን ሰጠ። ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊ ውስጥ ደግሞ ቦርዱ አንለወጥም እያለ፣ ከሰሜን አየርላንድ የመጣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ አባል ያቀረበው ሐሳብ በድምፅ አሸንፎ በ2000 ማኅበርነቱ አከተመ።

ድምፅ የሰጡትን ሰዎች መውቀስ አልችልም። ድምፅህን ስጥና ያልደከምክበትን ሁለት ሦስት ወር ደመወዝ ውሰድ ሲባል እምቢ የሚል ስንት ይገኛል? ማኅበሮቹም ቢሆኑ በዚያ ዘመን አባሉን በዓመት አንዴ በሚላክ ወረቀት ካልሆነ የሚያስታውሱት አልነበሩም። ባለቤት መሆኑን የማያውቅ ሰው ባለቤትነቱን ቢሸጥ አይገርምም። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው፤ ከሚሸጡት ነገር ትልቁን ድርሻ ያዋጡት ሰዎች መቃብር ውስጥ ነበሩ፣ የሚጠቀሙበት ደግሞ አልተወለዱም። የድምፅ መስጫው ወረቀት የደረሰው በመሃል ላለው ትውልድ ብቻ ነው።

ከ1989 እስከ 2000 ድረስ አሥር ማኅበራት በዚህ መንገድ ከአባላት እጅ ወጡ። ገሚሶቹ በትላልቅ ባንኮች ተዋጡ። ዉልዊችን ባርክሌይስ ወሰደው፤ አቢ ናሽናልንና አልያንስ ኤንድ ሌስተርን የስፔኑ ሳንታንዴር ገዛቸው። ሃሊፋክስ ከባንክ ኦቭ ስኮትላንድ ጋር ተዋሕዶ ኤችቦስ ተባለ፤ ኤችቦስ በ2008 ሊወድቅ ሲል በሎይድስ እጅ ገባ፣ ሎይድስንም መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ደገፈው። ኖርዘርን ሮክን መንግሥት ፌብሩዋሪ 2008 ወረሰ፤ ብራድፎርድ ኤንድ ቢንግሊን ሴፕቴምበር 2008። ያ ዓመት ሲጠናቀቅ ከአሥሩ አንዱ እንኳ ራሱን ችሎ የቆመ ባንክ ሆኖ አልቀረም። የኖርዘርን ሮክ አክሲዮን በ2007 መጀመሪያ ላይ ከ12 ፓውንድ በላይ ያወጣ ነበር። ባንኩ ሲወረስ ካሳ እንዲተምን የተሾመው ገማች ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለው ዜሮ ነው ብሎ ወሰነ። በ1997 የተሰጣቸውን 500 አክሲዮን ለልጆቻችን ይሁን ብለው ያስቀመጡ የቀድሞ አባላት ምንም አልቀረላቸውም።

ያልተለወጡት ምን ለያቸው? አንደኛው ነገር ሕጉ ነው፤ ቢልዲንግ ሶሳይቲ ከሚሰበስበው ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ከአባላት ቁጠባ መምጣት አለበት። አብዛኞቹም ከግማሽ በላይ ነበራቸው። የአባል ቁጠባ በየሦስት ወሩ ውል አይታደስም፤ በተረጋጋ ጊዜ እየገባና እየወጣ ዓመታት ይቀመጣል። ኖርዘርን ሮክ ከዚህ ገደብ ነጻ በወጣ በአሥር ዓመት ውስጥ የደረሰበትን ከላይ አይተናል። ሌላው ነገር ግፊቱ ነው። ባንኩ አክሲዮን ገበያ ከገባ በኋላ ትርፉ በየዓመቱ ካላደገ የአክሲዮኑ ዋጋ ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ትልቅ ባንክ መጥቶ ይውጠዋል። ስለዚህ ያድጋል፣ ለማደግ ይበደራል፣ ለማበደር ደረጃውን ይቀንሳል። ኖርዘርን ሮክ ከቤቱ ዋጋ እስከ 125 በመቶ የሚደርስ ብድር ይሰጥ ነበር፤ መቶ ሺህ ለሚያወጣ ቤት 125 ሺህ ማለት ነው። አክሲዮኑ በገበያ የማይሸጥ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ግን ዘንድሮ ትንሽ አበድራለሁ ቢል የሚቀጣው ዋጋ የለም። ይህ ነጻነት በደጉ ዘመን ስንፍና ይመስላል፤ የፋይናንስ ጋዜጦችም በ1990ዎቹ እንዲያ ነበር የሚጽፉት።

ማኅበር መሆን በራሱ ክታብ አይደለም። የስኮትላንዱ ደንፈርምሊን ከ1869 ጀምሮ የኖረ፣ የአገሩ ትልቁ ማኅበር ነበር። ለንግድ ሕንፃ አልሚዎች በብዛት አበደረ፤ ሌላው ቀርቶ ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ የሰጣቸውን የቤት ብድሮች ገዛ። ገቢያቸውን ራሳቸው በቃላቸው ያስመዘገቡ፣ ማንም ያላጣራቸው ተበዳሪዎች ብድር ነው። ማርች 2009 ፈረሰ። ባርንስሊ የተባለው ትንሽ ማኅበር ገንዘቡን በአይስላንድ ባንኮች አስቀምጦ ስለነበር ባንኮቹ ሲወድቁ ዮርክሸር የተባለው ጎረቤት ማኅበር ጠቀለለው። ደርቢሸርና ቼሸር የተባሉት ማኅበራትም ኔሽንዋይድ በተባለ ትልቅ ማኅበር ተጠቃለሉ። በአሜሪካ ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በየሠፈሩ ያሉት ክሬዲት ዩኒየን የሚባሉት የቁጠባና ብድር ማኅበራት በአብዛኛው ጸንተው ቆሙ፤ ትርፍ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡባቸው ሁለት ታላላቅ የበላይ ማኅበራት፣ ዩኤስ ሴንትራልና ዌስኮርፕ፣ በቤት ብድር ላይ የተመሠረቱ የዎል ስትሪት ወረቀቶችን ገዝተው ስለነበር ማርች 2009 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተረከባቸው። ኪሳራውን ክሬዲት ዩኒየኖቹ በመዋጮ ሲከፍሉት ዓመታት ፈጀ። የወደቁት ሁሉ የወደቁበትን ቦታ ልብ በሉ፤ አባላቸውን ከሚያውቁበት ሥራ ወጥተው የማያውቁትን ሰው ወረቀት የገዙበት ነው።

ሲወድቁም የአወዳደቃቸው መልክ የተለየ ነበር። ደንፈርምሊን ውስጥ አንድም ቆጣቢ ገንዘቡን አላጣም፤ ሒሳቡ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ኔሽንዋይድ ተዛወረ። ጠንካራው ማኅበር የደከመውን መሸከሙ የቆየ ልማድ ነው። ጀርመኖች ይህን ሥርዓት አድርገውታል። የኅብረት ሥራ ባንኮቻቸው በ1930ዎቹ የጋራ መድን ካቋቋሙ ወዲህ ከመካከላቸው አንድም ባንክ ኪሳራ አውጆ አያውቅም። ሸክሙ ግን ቀላል አይደለም፤ ጠንቃቃው አባል ለጎረቤቱ ድፍረት ይከፍላል። ደግሞም ማኅበር ኪሳራ ሲበዛበት እንደ ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ሸጦ ቀዳዳውን በቀላሉ መድፈን አይችልም። ዋናው መከታው ያ ቀስ ብሎ የተጠራቀመው መጠባበቂያ ነው።

እኛ ዘንድ የእነዚህ ማኅበራት ወንድም የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የመጀመሪያው በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ተቋቋመ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየገበሬው መንደር አለ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅበር ትልቅ ኃይሉ ቁጠባውም የብድር ክፍያውም ከደመወዝ ላይ መቆረጡ ነው፤ ገንዘቡ ሰውየው እጅ ሳይደርስ ይሰበሰባል። ድክመቱም እዚያው ነው። ሁሉም የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ከሆኑ፣ ቀጣሪው ደመወዝ መክፈል ባቃተው ወር ቆጣቢው ሁሉ ቁጠባውን ጠያቂ፣ ተበዳሪው ሁሉ መክፈል ያቃተው ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ቀን ይመጣሉ።

የኛ ክፉ ቀን ደግሞ ከእንግሊዙ ይለያል። በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚህ ጊዜ በማኅበሩ ደጃፍ ማንም አይሰለፍም፤ ሒሳቡም አልጎደለም። ግን መቶ ሺህ ብር የቆጠበው ሰው የመግዛት አቅም ከዓመት በኋላ በሩብ ገደማ ቀንሷል፣ መቶ ሺህ የተበደረው ደግሞ ዕዳው በዚያው ልክ ቀሎለታል። ሁለቱም የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው። ቆጥበው ብቻ የሚኖሩት፣ ብዙ ጊዜም ለመበደር የሚፈሩት ዝቅተኛ ደመወዝተኞች፣ ቤትና መኪና የገዙትን ባልደረቦቻቸውን ሳያውቁት ይደጉማሉ። ማኅበሩ አልወደቀም፤ ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ስለ ማኅበራት ጥንካሬ ሲወራ ይህ ሲነሳ አልሰማም፤ መነሳት ነበረበት።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚሆነውን የማኅበር አባል ሁሉ ያውቀዋል። የኦዲት ሪፖርቱ ይነበባል፣ ግማሹ ሰው ውጭ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። የትርፍ ክፍፍሉ ላይ ሲደረስ አዳራሹ ይሞላል። ሕጉ ከትርፉ ላይ ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ያስገድዳል፤ ከአዳራሹ ጀርባ የሚነሳው እጅ ግን ሁልጊዜ ‘ይኼ መጠባበቂያ የምትሉት ለምን አይከፈለንም?’ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሊቀመንበሩ ‘ሕጉ ነው’ ብሎ ማለፉ ግን አያረካኝም። በቁጥር አስረድቶ መመለስ ነበረበት፤ ከመቶ ብር ብድር ስንቱ ሳይመለስ ቢቀር የሰው ቁጠባ ሳይነካ ልንሸከም እንችላለን ብሎ። እንግሊዞቹ አባላት ይህን ስሌት በጊዜው የሚነግራቸው አላገኙም።

የኔሽንዋይድ አባላት በ1998 እንለወጥ አንለወጥ ብለው ድምፅ ሲሰጡ አንለወጥ ያሉት ያሸነፉት ለጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ቦርዱ አንድ ብልሃት ዘይዶ ነበር፤ አዲስ አባል የሚሆን ሁሉ ወደፊት ማኅበሩ ቢለወጥ የሚደርሰውን ጥቅም አስቀድሞ ለበጎ አድራጎት እንዲፈርም አስገደደ። ይህም ነጻ አክሲዮን ፍለጋ የሚዞረውን ሰው እግር አሳጠረ። ኔሽንዋይድ ዛሬ የዓለም ትልቁ ቢልዲንግ ሶሳይቲ ነው። ኦክቶበር 2024 ቨርጂን መኒ የተባለውን ባንክ በ2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛ። ቨርጂን መኒ ደግሞ ከመንግሥት እጅ የኖርዘርን ሮክን ደህነኛ ክፍል የገዛው ነው። በ1997 ከአባላት እጅ የወጣው ሥራ ከ27 ዓመት በኋላ ወደ አባላት ባለቤትነት ተመለሰ ማለት ነው።

የኔሽንዋይድ አባላት ግን በዚህ ግዢ ላይ ድምፅ እንዲሰጡ አልተጠየቁም። ሕጉ አያስገድድም ተባለ፤ ቅር ያላቸው አባላት ጉዳዩ ለጉባኤ ይቅረብልን ብለው ቢጠይቁም አልተሳካላቸውም። ከዚያ ቦርዱ መስፈርቱን ላሟሉ አባላት ለእያንዳንዳቸው 50 ፓውንድ ላከ። የኖርዘርን ሮክ የቀድሞ ተበዳሪዎች ደግሞ ሁሉም አልተመለሱም። መንግሥት ይዞት የቆየውን የቤት ብድር፣ ያን 125 በመቶውን ጨምሮ፣ በ2015 ሰርበረስ ለተባለ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት በ13 ቢሊዮን ፓውንድ ሸጠው። ብዙዎቹ ተበዳሪዎች፣ ዕዳቸውን የገዛው ድርጅት አዲስ ብድር ስለማይሰጥ፣ ሌላ ባንክም ስለማይቀበላቸው፣ ገበያው ወለድ ሲቀንስ እነሱ በድሮው ከፍ ያለ ወለድ ሲከፍሉ ኖሩ፤ እንግሊዞች የቤት ብድር እስረኞች ይሏቸዋል።